ርካሽ ቤት፦ ቀሪ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

(ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦችና ለእርሻ ሠራተኞች በሚከራዩ ቤቶች ላይ የቀረበ አጭር ዳሰሳ)

ከጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል፣ የ2ኛ ዓመት ተማሪ

መግቢያ

ያደግኩት በቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ በየወሩ የኪራይ ደብተሯን ይዛ ቀበሌ ትሄድና ከአሥር ብር የማይሞላ ገንዘብ ከፍላ ትመለስ ነበር። በግል ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን "እናንተማ ምን አለባችሁ፣ በነፃ ነው የምትኖሩት" ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ክረምት በገባ ቁጥር ጣሪያው ሦስት ቦታ ያፈሳል። ሳፋ፣ ባልዲና ድስት ደርድረን የጠብታውን ድምፅ እየሰማን ነው የምናድረው። እናቴ አመለከተች፤ "በጀት የለም" ተባለች። "እንግዲያው በራሴ ገንዘብ ላሳድሰው" ብትል ደግሞ "የመንግሥት ቤት ያለ ፈቃድ አይነካም" ብለው መለሷት። ፈቃዱን ስትጠይቅ "የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው"።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ደግሞ አንድ ዓመት ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ ወረደ። ለመኝታ የሚከፍለው ነገር አልነበረም። የሚያድረው እርሻው ዳር፣ ግራር ሥር ነበርና ኪራይ የሚጠይቀው ሰው የለም። ሲመለስ ግን ሰውነቱ አልቆ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሎት ነበር። ካላዛር ነው ተባለና ሆስፒታል ተኝቶ ለሳምንታት በየቀኑ መርፌ ተወጋ።

ውድ አንባብያን፣ እነዚህን ሁለት ታሪኮች አብሬ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያ እይታ አይገናኙም፤ አንዱ የከተማ፣ ሌላው የበረሃ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ስለ ርካሽ ቤት ናቸው። በሁለቱም ውስጥ አንድ ሰው በገንዘብ ያልከፈለውን በሌላ ነገር ከፍሎታል። ይህ ጽሑፍ ለማሳየት የሚሞክረውም ይህንኑ ነው። ኪራይ ረከሰ ማለት ወጪው ጠፋ ማለት አይደለም። ወጪው ወደ ሌላ ሰው ወይም ወደ ሌላ ነገር ዞረ ማለት ነው።

1. መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ

ብዙ ጊዜ ስለ ኪራይ ስናወራ ስለ አከራዩ ስስት ወይም ስለ ተከራዩ ድህነት ብቻ ነው የምናወራው። ሁለቱም ይኖራሉ። ግን ከዚያ በፊት ቤቱ ራሱ ስንት ነው የሚፈጀው? ብሎ መጠየቅ ይገባል። አንድ ቤት እንዲቆም ቦታ ያስፈልጋል። ለግንባታው ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ብድር ከሆነ ወለድ አለው። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ደግሞ በየዓመቱ እድሳት ይፈልጋል፤ ጭቃው ይረግፋል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል፣ ሽንት ቤቱ ይሞላል። ውሃና መብራት አለ። ግብር አለ። በመጨረሻም አከራዩ የሚያገኘው ትርፍ አለ።

እንበልና ይህ ሁሉ ተደምሮ አንዲት ክፍል ቤት በወር 2000 ብር ትፈጅ። ይህ ለምሳሌ ያህል ያወጣሁት ቁጥር ነው። ተከራዩ ደግሞ ልጆቹን አብልቶ፣ አስተምሮ ለቤት ሊያወጣ የሚችለው 1200 ብር ነው እንበል። 800 ብር ክፍተት አለ። ይህ 800 ብር በአዋጅም ሆነ በምርቃት አይጠፋም። ወይ መንግሥት ይሸፍነዋል፣ ወይ አሠሪው ይሸፍነዋል፣ ወይ አከራዩ ይከስራል፣ ወይ ቤቱ ሳይታደስ እየፈረሰ ይሄዳል፣ ወይም ተከራዩ ከሆዱ፣ ከጤናው፣ ከነፃነቱ ቀንሶ ይከፍለዋል። ሌላ መንገድ የለም። እንግዲህ በአገራችን በተለያየ ጊዜ የተሞከሩትን መንገዶች በዚህ ሚዛን እንያቸው።

2. የቀበሌ ቤት፦ ቤቱ ራሱ ሲከፍል

እንደሚታወቀው ደርግ ሥልጣን በያዘ ማግስት ሁለት ታላላቅ የመሬት አዋጆችን አውጥቷል። የመጀመሪያው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ነው። ሁለተኛው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣውና የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ሁለተኛው አዋጅ የአንድን ቤተሰብ መኖሪያ በአንድ ቤት ወሰነው። ከዚያ በላይ ያለው "ትርፍ ቤት" ተብሎ ተወረሰ። ግለሰብ ቤት ማከራየቱ ቀረ፤ አከራዩ መንግሥት ሆነ።

አዋጁ በወር እስከ 300 ብር የሚከራዩ ቤቶችን ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። ትልቁን ቅናሽ ያገኙት አነስተኛ ኪራይ የሚከፍሉት ነበሩ። ከዚያም ቤቶቹ ለሁለት ተከፈሉ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ስለዚህ የድሃው ቤት "የቀበሌ ቤት"፣ የተሻለው ደግሞ "የኪራይ ቤቶች" ተብሎ እስካሁን በሰዉ አፍ ቀርቷል።

ይህ እርምጃ ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ እንደነበር መካድ አይቻልም። ትናንት ባለቤቱ "ውጣ" ሲለው የሚወጣ ሰው በማግስቱ የሚያስወጣው አጣ። ሸክም ተሸካሚው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጡረተኛው መሐል ከተማ ገበያው አጠገብ መኖር ቻሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለሥራ ቅርብ መኖር ራሱ ገንዘብ ነው፤ የታክሲ የለ፣ የጊዜ ብክነት የለ። የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ቤታቸው ፈርሶ ወደ ከተማ ዳር ሲሄዱ መጀመሪያ የሚያማርሩት ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ርቀቱ የሆነውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ክፍተቱን ማን ከፈለው? የመጀመሪያዎቹ ከፋዮች ቤታቸው የተወረሰባቸው ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ብዙ ሕንፃ የነበራቸው ቢኖሩም፣ ሁለት ክፍል ሠርቶ በኪራይ የሚተዳደር ሰውም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ቆሞ የቆርቆሮውና የሚስማሩ ዋጋ እየናረ ሄደ። ቀበሌው ከሚሰበስበው ኪራይ ቤቱን ሊያድስ አልቻለም። ነዋሪውም ቤቱ የእኔ አይደለም ብሎ ገንዘቡን አላፈሰሰበትም፤ ላፍስስ ያለውም እንደ እናቴ "ፈቃድ" ተባለ። አብዛኞቹ ቤቶች ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ስለነበሩ ያለ እድሳት መቆየት አይችሉም። ስለዚህ ቤቱ ራሱ ከገላው እየቆረሰ ከፈለ ማለት ይቻላል።

ሌላም ከፋይ አለ፤ እርሱም ያኔ ገና ከተማ ያልገባው ሰው ነው። ማከራየት ስለተከለከለ ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋ። መንግሥትም የሕዝቡን ቁጥር የሚያህል አልሠራም። ቤት የደረሰው ደረሰው፤ ያልደረሰው በደባልነት ተጠጋ፣ ጓዳ ተከራየ፣ ጓሮ ላይ ጎጆ ቀለሰ። በኋላ የመጣው ትውልድ በፊት የገባውን ሰው ርካሽ ኪራይ በወረፋ ከፈለው ብንል ማጋነን አይሆንም።

3. የካምፕ ቤት፦ ሥራና ቤት በአንድ ገመድ

እስካሁን ያየነው የከተማውን ነው። ለእርሻ ሠራተኛው ደግሞ ሌላ ዓይነት ቤት አለ፤ አሠሪው የሚሰጠው የካምፕ ቤት። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ወንጂ ነው።

ኤች.ቪ.ኤ. የሚባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነፃ ከወጣች በኋላ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ወደ አዋሽ ሸለቆ መጣ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካም በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። የሸንኮራ አገዳ እርሻ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ በአካባቢው ግን ያን የሚያህል ሠራተኛ አልነበረም። ስለዚህ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ሰው መጣ። ይህን ሁሉ ሰው የት ማሳደር ይቻላል? ኩባንያው የሠራተኛ መንደሮችን ሠራ። ክሊኒክና ትምህርት ቤትም ተከተሉ። ከ1967 ዓ.ም. ውርስ በኋላም አሠራሩ ቀጠለ፤ አሠሪው መንግሥት ሆነ እንጂ ቤቱ የአሠሪ ቤት እንደሆነ ቀረ።

በእኛ ሚዛን ስናየው ክፍተቱን የሸፈነው አሠሪው ነው። ግን እሱስ ለምን ይሸፍናል? ለጽድቅ አይደለም። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ካልተጨመቀ ስኳሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ቆራጩ ከማሳው አጠገብ መገኘት አለበት። ቤቱ ለሠራተኛው መኖሪያ ሲሆን ለፋብሪካው ደግሞ የምርት መሣሪያ ነው።

ችግሩ ሥራው ያለቀ ቀን ነው። ሠራተኛው ቢባረር፣ ቢታመም ወይም ጡረታ ቢወጣ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ያጣል፤ ልጆቹም ትምህርት ቤታቸውን። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ደመወዝ ይጨመርልኝ ለማለት ሁለት ጊዜ ያስባል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም ይህን አይቶ ነው መሰለኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው የሠራተኞች መኖሪያ ምክረ ሐሳብ (ቁጥር 115) አሠሪ በቀጥታ ለሠራተኛው ቤት ማቅረቡ በአጠቃላይ የሚመከር አይደለም ያለው። ሥራው ከሰው መኖሪያ የራቀ ሲሆንና ይህን በመሳሰሉ ሁኔታዎች ግን እንደሚያስፈልግ ተቀብሏል።

ከወንጂ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በእርሻው መንደሮች ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣውን ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች ጥርሳቸው በለዘ። ለረጅም ዓመታት የጠጡት ደግሞ አጥንታቸው ተጎድቶ ወገባቸውና አንገታቸው አልታጠፍ አለ። ሐኪሞች ስለዚህ ብዙ ጽፈዋል፤ ውሃውን የሚያጣሩ መሣሪያዎችም ተተክለው ነበር። ከዚህ በመነሳት ቤት ማለት አራት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። ቤት ከውሃው ጋር ነው የሚመጣው። ኪራይ ሳይከፍል የኖረ ሰው በአጥንቱ ከፍሎ ሊሆን ይችላል።

4. ሰሊጥ አገር፦ ቤት የሌለው ሥራ

የወንጂ ሠራተኛ ቢያንስ ቤት ነበረው። የወቅታዊ ሠራተኛውስ? በሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ በመተማና በሁመራ አካባቢ፣ ሰላም በሆነ ዓመት በመቶ ሺዎች የሚገመቱ ሠራተኞች ከደጋው ይወርዳሉ። ሐምሌና ነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ለአጨዳ ነው። አብዛኞቹ መሬት የሌላቸው ወይም መሬታቸው የማይበቃቸው ወጣት ወንዶች ናቸው። ቤተሰብ ያላቸውም ሚስትና ልጆቻቸውን ደጋ ላይ ትተው ነው የሚሄዱት።

ለምን ቤት አይሠራላቸውም? መልሱ ሰሊጡ ውስጥ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ቅርፊቱ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አጨዳው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት፤ ለዚያ አጭር ጊዜ ደግሞ እጅግ ብዙ እጅ ያስፈልጋል። ባለሀብቱ "በዓመት ሁለት ወር ለማይሞላ ጊዜ ቤት ሠርቼ አሥር ወር ባዶ ላስቀምጥ?" ይላል። በነጋዴ ሒሳብ ልክ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው በላስቲክ ዳስ ወይም ዛፍ ሥር ያድራል።

ነገር ግን ክፍተቱ እዚህም አልጠፋም። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር፣ ግራርና ኩመል ባለበት ቦታ ትበዛለች። የምትናከሰው በአብዛኛው በማታ ነው። በአካባቢው የተደረጉ ጥናቶች ውጭ ማደርን፣ በተለይም ግራር ሥር መተኛትን ከበሽታው ጋር አያይዘውታል። የደጋ ሰው ደግሞ በሽታውን ስለማያውቀው ሰውነቱ አይቋቋመውም። ካልታከመ ይገድላል። ወባው ደግሞ ለብቻው ነው።

አጎቴን አንድ ቀን "ለምን ባለ እርሻውን መጠለያ አልጠየቃችሁትም?" አልኩት። ሳቀብኝ። "አንተ ልጅ፣ እኛ ውሃ በጀሪካን እየተሰፈረልን፣ መጠለያ ብለን ብንጠይቅ ሌላ ሰው ይጠፋዋል? በማግስቱ አይሱዙ ሙሉ ሰው ያራግፋል" አለኝ። ይህ መልስ ከብዙ ገጽ ጥናት በላይ አስተምሮኛል። ሠራተኛው የሚደራደርበት አቅም ከሌለው ክፍተቱ ሁልጊዜ ወደ እርሱ ነው የሚወርደው። ሲታመም ደግሞ ሒሳቡ ወደ ቤተሰቡና ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይሄዳል። እርሻው ላይ ያልወጣው የመጠለያ ወጪ ሆስፒታል ላይ በመድኃኒት ይወጣል ማለት ነው።

5. ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስለን ወደ አሜሪካ ላፍታ እንሻገር። በክፍል ውስጥ ስለ ዘጋቢ ፊልም ስንማር ስሙ የሚነሳው ኤድዋርድ መሮው እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 1960 በሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን "የመኸር ሃፍረት" የሚል ትርጉም ያለው ሥራ አቅርቦ ነበር። ዕለቱ የአሜሪካ የምስጋና በዓል ማግስት ነበር። በዓሉን በልቶ የጠገበው ሕዝብ ያንን ምግብ የለቀሙለት ሠራተኞች ከነልጆቻቸው በምን ዓይነት ጎጆ እንደሚያድሩ አየ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1961፣ በወጣው የአሜሪካ የቤቶች ሕግ ለእርሻ ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሰጥ የመንግሥት ብድር ተፈቀደ። ኋላ ደግሞ ዕርዳታ ተጨመረበት። ብድሩን የሚያስተዳድረው የግብርና መሥሪያ ቤቱ መሆኑ ይገርማል፤ እኛ ግብርና ሚኒስቴርን ከማዳበሪያ ጋር እንጂ ከቤት ጋር አናያይዘውም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቤት የሚሠራው ማኅበር ወይም ድርጅት በ1 በመቶ ወለድ ለረጅም ዓመታት ይበደራል። በምላሹ ቤቱን ለእርሻ ሠራተኞች በዝቅተኛ ኪራይ የማከራየት ግዴታ ይገባል። የኪራይ ድጎማ የደረሰው ተከራይ ከገቢው 30 በመቶ ያህሉን ይከፍላል፤ ቀሪውን መንግሥት ይጨምራል።

ከወንጂው የሚለየው የት ላይ ነው? ከእርሻ ውጭ የተሠሩት ቤቶች ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰሩ አይደሉም። ሠራተኛው ከአንዱ ባለ እርሻ ጋር ቢጣላ ሌላው ጋ ይሠራል፤ ቤቱ ግን አይነካም። ከቀበሌ ቤት የሚለየውስ? ተከራዩ ትንሽ ቢከፍልም ባለቤቱ የሚደርሰው ገንዘብ ለእድሳት እንዲበቃ ታስቦ ነው።

ይህም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም። ድጎማው ለሁሉም አይደርስም፤ በጀቱ በየዓመቱ በምክር ቤት ይወሰናል። ብድሩ ተከፍሎ ሲያልቅ ደግሞ የዝቅተኛ ኪራይ ግዴታውም ያልቃል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ኪራይ ሊጨምር ወይም ቤቱን ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ "ክፍተቱን ማን ይከፍላል?" ከሚለው ቀጥሎ "እስከ መቼ?" የሚል ጥያቄ መጨመር አለብን።

6. ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በስፋት ተካሂዷል። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ምዝገባ ሲደረግም 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉ ፕሮግራሞች ቀርበው ነበር። ቁጥሮቹ ነዋሪው የሚቆጥበውንና ባንኩ የሚያበድረውን በመቶ ያሳያሉ። ዓላማው ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የቤት ባለቤት ሆኗል። ነገር ግን ፕሮግራሙ ለመግዛት እንጂ ለመከራየት የታሰበ አይደለም። ዕጣ የወጣለት ድሃ ወርኃዊ ክፍያውን ስለማይችል ቤቱን ለሌላ አከራይቶ እሱ ጭቃ ቤት ይከራያል። ቁጠባውን ጭራሽ ያልቻለው ደግሞ ዕጣ ውስጥም አልገባም።

ይህ በእንዲህ እንዳለ የኪራይ ቤት የሚፈልገው ሰው እየበዛ ነው። በአበባ እርሻዎች ዙሪያ ወይም በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ ያለውን ኑሮ ማየት ይበቃል። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ይከራያሉ። ደመወዙ ለኪራይና ለምግብ ስለማይበቃ ከወላጅ ጤፍና በርበሬ የሚላክላቸው አሉ። አስቡት፤ የገበሬው ጎተራ የፋብሪካውን ደመወዝ እየደጎመ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ተደንግጓል። የቤት ኪራይ ጉዳይ የደመወዝ ጉዳይም ነው የምለው ለዚህ ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። በዚህ አዋጅ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት፤ ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪ የሚደረገውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው ጣሪያ ልክ ነው። የግቢ ውጭ ተከራይ ለሆንን ተማሪዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። "ከመጪው ወር ጀምሮ አምስት መቶ ጨምሩ፣ ካልሆነ ልቀቁ" የተባልንበትን ቀን እኔና ጓደኞቼ አንረሳውም።

ግን በሚዛኑ ላይ እናስቀምጠው። አዋጁ እንደ 1967ቱ ቤት አይወርስም፤ የሚገድበው ጭማሪውን ነው። ክፍተቱ ግን ወደ አከራዩ ይገፋል። አከራዩ ማን ነው? አሥር ሕንፃ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል። የሞተ ባሏ ትቶላት በሄደው ግቢ ሁለት ሰርቪስ ቤት አከራይታ ልጆቿን የምታሳድግ እናትም ልትሆን ትችላለች። ጣሪያው ከቆርቆሮና ከሲሚንቶ ዋጋ በታች ከሆነ ከቀበሌ ቤት ያየነው መሰነጣጠቅ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ወይም ሰው ማከራየት ይተዋል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ተከራዩን ከድንገተኛ ጭማሪ ያድናል፤ አዲስ ቤት ግን በራሱ አይወልድም። አዲስ የኪራይ ቤት የሚሠራ፣ በርካሽ የሚያበድርና ለድሃው ተከራይ የሚደጉም አካል ከጎኑ ያስፈልገዋል።

7. ለእኛ ለጋዜጠኞች

"ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የሚሆኑ ቤቶች ሊገነቡ ነው" የሚል ዜና ደጋግመን ሰምተናል። አንዳንዶቻችንም ነገ እንጽፈዋለን። የመሠረት ድንጋዩን፣ ሪባኑንና የክቡር እንግዳውን ንግግር ዘግበን ከመመለሳችን በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ብንጠይቅ መልካም ይመስለኛል።

1ኛ. ቤቱ በወር በእውነት ስንት ይፈጃል? ተከራዩስ ስንት ይከፍላል? ልዩነቱን የሚሸፍነው ማን ነው?

2ኛ. የሚሸፍነው እስከ መቼ ነው? ብድሩ ወይም በጀቱ ሲያልቅ ምን ይሆናል?

3ኛ. እድሳቱ የማን ኃላፊነት ነው? ጣሪያው ሲያፈስ የሚፈርመው ሰው ማን ነው?

4ኛ. ሠራተኛው ሥራውን ቢያጣ ቤቱን ያጣል? ለመውጣት ስንት ጊዜ ይሰጠዋል?

5ኛ. ውሃው ከየት ነው? ሽንት ቤቱ፣ የሥራ ቦታው፣ ትምህርት ቤቱ ምን ያህል ይርቃል?

6ኛ. ቤት ያልደረሰው ሰው የት እያደረ ነው?

ስድስተኛው ጥያቄ ከሁሉም የሚከብድ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ቢሮ ውስጥ አይገኝም። ግራሩ ሥር ድረስ መሄድን ይጠይቃል።

ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የተሞከረው ርካሽ ቤት መጥፎ ነው የሚል አይደለም። እናቴ ያንን የቀበሌ ቤት ባታገኝ ኖሮ እኔ ዛሬ ኮሌጅ መግባቴ ያጠራጥራል። ለኪራይ ያልከፈለችው ገንዘብ ለደብተሬና ለዩኒፎርሜ ሆኗል። ርካሽ ቤት ያስፈልጋል፤ ለከተማው ድሃም ለእርሻ ሠራተኛውም። ነገር ግን ቀሪው ሒሳብ በግልጽ ካልተጻፈና የሚከፍለው አካል ካልታወቀ፣ ዞሮ ዞሮ አቅም የሌለው ሰው ላይ ይወድቃል።

እናቴ በመጨረሻ ዕቁብ ሲወጣላት ፈቃዱን መጠበቁን ተወችው። አንድ ቅዳሜ ማታ ቆርቆሮ አስመጥታ በማግስቱ መሥሪያ ቤት ዝግ በሆነበት ቀን ጣሪያውን አስቀየረች። ከአሥር ብር የማይሞላው ኪራያችን ቀሪ ሒሳቡ የአንድ ዓመት ዕቁብ ነበር። አጎቴም ድኗል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ተመልሶ ወደ ሰሊጡ ወረደ። "ምን ላድርግ፣ እዚህስ ምን አለኝ?" ነበር ያለው። ያን ጊዜ አጎበር ይዞ ሄዷል። አጎበሩንም የገዛው በራሱ ገንዘብ ነው።